የየትናየት መውደቂያ

አባቴ ለምን ሰርዶ ተከለ?

ሰባት ዓመቴ ላይ ይህን ጥያቄ መንደሩ በሙሉ ሲጠይቅ እሰማ ነበር። እኔም ጠየቅሁ። የሚመልስልኝ ሳጣ መልሱን ራሴ ፈጠርሁት፤ የፈጠርሁት መልስም ለብዙ ዓመት እውነት መስሎኝ ኖረ።

ያላረሰ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ማሳ የሚወርስ ሣር ነው። በማረሻ ሲቆርጡት ከአንዱ ሁለት ይሆናል። የኛ አገር ገበሬ ዕድሜውን የሚጨርሰው እሱን ሲነቅል ነው። ነቅሎም አያምነውም፤ የጋለ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ እስኪደርቅ ይጠብቀዋል። አባቴ እንግዳው ግን በዚያ ሰኔ ይህንኑ ሣር ከየማሳው ዳር ለቅሞ፣ በጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤታችን አመጣው።

ቤታችን ከሊማሊሞ ግርጌ ነበር። ደባርቅ ከራሳችን በላይ በጉምና በብርድ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እኛ ዘንድ ይሞቃል። ጠመዝማዛውን የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ፍሬን ሲይዙ የሚያሰሙት ሲቃ ቀኑን ሙሉ ጆሯችን ውስጥ ነው። ደጃፋችን ጭንጫ ነበር፤ በበጋ እግር ይጠብሳል፣ በክረምት ያንሸራትታል።

አባቴ መጀመሪያ ድንጋዩን ለቀመ። የሚለቀመው ሲያልቅ ከምድር ጋር የተጣበቀው ዐለት ቀረ። እሱን አፈር አለበሰው። አፈሩን ከወንዙ ዳር በአህያችን ጭኖ አመጣ፤ ከበጎቹ ጋጣ ያወጣውን ፍግ ቀላቀለበት፤ በአጠና እየጎተተ ደለደለው። ከዚያ ሰርዶውን በማጭድ ስንዝር ስንዝር ቆረጠና ሁለቱን አንጓ ከአፈር በታች እየቀበረ፣ አንዱን ከላይ እያስቀረ በመስመር ተከለው። ሲጨርስ በባዶ እግሩ እየተራመደ ረገጠው።

«ካልተረገጠ አይዝም» አለኝ። «ነይ ስንቄ፣ አንቺም ርገጪ።»

እግሬ ሥር አፈሩ ይለሰልሳል፤ የፍግና የእርጥብ ሣር ሽታ አለው። ሁለታችንም ወዲያና ወዲህ እየረገጥን ሳለ ጎረቤታችን አያ አለነ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። አያ አለነ ሰው ካልተረበ የበላው የማይፈጭለት ሰው ነበር።

«እንግዳው! ዘንድሮ ሰርዶ ተከልህ። ለከርሞ ደግሞ እንክርዳድ ነው የምትዘራው?»

«ለከርሞ ካንተ ጋር እማከራለሁ» አለ አባቴ ቀና ሳይል።

«ብትነግረኝ እኮ ከኔ ማሳ ትወስድ ነበር። ሙሉውን! ሙጃውንም መርቄ እሰጥህ ነበር።»

አባቴ ሳቀ።

«እንዲያው ለማን ነው ይኸ ሁሉ ድካም?» አለ አያ አለነ።

«ለአህያዬ። ‹እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል› ስትል ሰምቼ አዘንሁላት። በቁሟ ትብላ ብዬ ነው።»

አያ አለነ እየሳቀ ሄደ፤ ቀልዱም በመንደሩ ዞረ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አባቴ በዚያው ቀን ሣሩን ከአህያዋ ለመጠበቅ የእሾህ አጥር ሲያጥር አይቻለሁ። አህያዋ ከጓሮ ታስራ ነበር የምትውለው።

ያለፈው ጥር አያ አለነ ልጁን እየሩስን ድሮ ነበር። እየሩስ የእኅቴ የየትናየት ጓደኛ ናት፤ ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። ለሠርጉ አያ አለነ ደጃፉን እንዲህ ነበር ያስለቀመው፤ ድንጋዩ ተለቀመ፣ ጉድጓዱ ተደለደለ፣ ዳስ ተጣለ። ሴቶቹ እልል ካሉ በኋላ እርስ በርሳቸው «እሰይ፣ መውደቂያዋ አማረ» ይባባሉ ነበር። ሙሽራው ከጃናሞራ ነው። እየሩስ በበቅሎ ተጭና ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ገበጣ ልትጫወት አልመጣችም። እኔ ስለ ሠርግ የማውቀው ይኸን ያህል ነው፤ መጀመሪያ ደጃፍ ይስተካከላል፣ ከዚያ እኅት ትወሰዳለች።

ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀን እናቴ ጤናዬ ውኃ ላከችኝ። ስመለስ ከግድግዳው በስተጀርባ ጄሪካኑን አውርጄ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። ውስጥ እናትና አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ማክሰኞ መጣባት። ሐሙስም መጣባት» አለች እናቴ።

«ሰው አየ?»

«ማንም አላየ። ስንቄንም ወደ ውኃ ሰድጃት ነበር።»

«ተመስገን።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንደብቀው እንግዳው? አንድ ቀን ለአገር ይሰማል።»

«ሣሩ ይያዝልኝ ብቻ።»

«ሣሩ ምን ያደርግልሃል?»

«መውደቂያዋን ላሳምርላት እንጂ» አለ አባቴ። «ሌላ ምን አቅም አለኝ?»

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። እኔን ወደ ውኃ እየላኩ አንድ ሰው ይመጣል፤ ማክሰኞ መጥቷል፣ ሐሙስም መጥቷል። «መጣላት» ሳይሆን «መጣባት» ማለታቸውንም ልብ ብያለሁ። የትናየት የማትፈልገው ባል ቢሆን ነው አልሁ። መውደቂያዋንም አባቴ በገዛ እጁ እያሳመረ ነው።

ሌላውም ሁሉ ከዚህ ጋር ገጠመልኝ። የትናየት እሳት ዳር እንድትቀመጥ አይፈቀድላትም፤ ምጣድ አትነካም፤ ወንዝ ብቻዋን አትወርድም። ለሙሽራነት እያሳረፏት ነው። በየወሩ አባቴ ይዟት ሊማሊሞን ይወጣል፤ ደባርቅን አልፈው ዳባት ድረስ ይሄዳሉ። ሲመለሱ በትንሽ ወረቀት የታሸገ ነጭ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ። ማታ ማታ እናቴ አንዷን ታውጣታለች። ፊቷ እንዲፈካ የሚሰጥ የሙሽራ ነገር መሰለኝ። እኔም እንድትሰጠኝ ለምኜ እናቴ በቁጣ እጄን መታችኝ።

መድኃኒት ነበር። ዳባት ድረስ የሚሄዱትም ደባርቅ ጤና ጣቢያ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነው። በኛ አገር «የሚጥላት ልጅ አለች» የተባለበት ቤት ውኃ የሚጠጣ የለም፤ የሚያገባት ቀርቶ ጽዋዋን የሚነካ አይገኝም። ይኸን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በጣም በኋላ።

የትናየትን ራሷን ጠየቅኋት። ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ጸጉሬን ትሠራ ነበር። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ስትጎነጉን ራስ ቅልሽን አሳምሮ ያምሻል።

«እታለም» አልሁ፣ «ልትሄጂ ነው እንዴ?»

ጣቶቿ ቆሙ። «ማን ነገረሽ?»

«ሰማሁ። እሱ ሲመጣብሽ ነው የምትሄጂው።»

«እኔ እኮ ስሄድ አላውቀውም» አለች ቀስ ብላ። «ስመለስ ነው የማውቀው። አፌ ደም ደም ይለኛል።»

«ባስቀርሽስ?»

ሳቀች። «በምን ታስቀሪኛለሽ? መጀመሪያ ንፍጥሽን ጥረጊ፣ አንቺ ደፋር!» ወዲያው ግን ከኋላ አቀፈችኝ፤ አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «ለእማዬ የጠየቅሽኝን አትንገሪ። ታለቅሳለች።»

አልተናገርሁም። ማስቀረቱን ግን አሰብሁበት።

ሣሩ ያዘ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ እያለ አንዷን ጫፍ በሁለት ጣቱ ለስለስ አድርጎ ይጎትታል፤ እምቢ ስትለው ፊቱ ይፈካል። «ይዟል» ይላል ለብቻው። አንዱ ሥር ሌላውን እየፈለገ፣ መስመሩ ከመስመሩ እየተገናኘ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ አረንጓዴ ሆነ። ሲረዝም በማጭድ ጫፉን ጫፉን ይከረክመዋል፤ ወደ ላይ ሲከለከል ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይወፍራል። እኔ የማየው የዳስ ወለል ነው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምትረግጠው የደጃፉን ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ለጤፍ መሬት ሊደግም ወጣ። እናቴ አሻሮ ትቆላለች፤ የትናየት ተኝታለች። በሩ ፊት ለፊት ተንበርክኬ ነቀልሁ። ለሰርዶ እጄ እንግዳ አልነበረም፤ በማሳ ስንት ቀን ነቅያለሁ። ጫፉን ሳይሆን ግንዱን ይዘሽ፣ ወዘወዝ አድርገሽ፣ ከነሥሩ ነው የምትስቢው። ከዚያ አፈሩን በጉልበትሽ ላይ መታ መታ እያደረግሽ ታራግፊዋለሽ። የበሩን ስፋት ያህል፣ ከደፉ እስከ አምስት ርምጃ ድረስ ነቀልሁት። በክረምት የተነቀለ ሰርዶ ጥለሽው ብትሄጂ መልሶ ራሱን እንደሚተክል አውቃለሁ። ስለዚህ ታቅፌ ወደ ጓሮ ወሰድሁና ለአህያዋ ሰጠኋት። በላችው። አንዲት አንጓ እንኳ አላስቀረችም።

እጅግ ተደስቼ ነበር። የሆነ በር የዘጋሁ ያህል ተሰማኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሊማሊሞ በኩል ጥቁር ደመና ወረደና እንደዚያ ቀን ዘንቦ የማያውቅ ዝናብ ዘነበ። አባቴ ሲመሽ በጓሮ በር ገባ፤ ልብሱን ጨምቆ፣ እራቱን በልቶ ተኛ። ደጃፉን አላየም።

እኔ ያላወቅሁት፣ አፈሩን የያዘው ሥሩ መሆኑን ነው። ሥሩ ሲወጣ አፈሩ ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር፤ ከዐለቱ ጋር ዝምድና የለውም። ጎርፉ ጠርጎ ወሰደው።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። የትናየት ሚዶ ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ጸጉሯ እርጥብ ነበር። እኔ አጥሩ ሥር ነኝ።

«ነይ፣ ጎፈሬሽን ላስተካክልልሽ» አለችኝ። አንድ ርምጃ፣ ሁለት ርምጃ። ከዚያ ከኔ በላይ ያለ ነገር ያየች ይመስል ቀና አለች። ከጉሮሮዋ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ሚዶው ተስፈንጥሮ ሄደ። እጇን እንኳ ሳትዘረጋ ወደቀች።

ድምፁ ትንሽ ነበር። ሰው ሲወድቅ ትልቅ ድምፅ የሚኖረው ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ጮኸች። አባቴ በሬዎቹን ሊያወጣ ከጋጣ ነበር፤ ሮጦ መጣ። የትናየትን በጎኗ አዞረ፣ ጋቢውን ከራሷ ሥር አደረገ። እሷ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋቢው ወዲያው ቀላ። ያኔ አባቴ መሬቱን አየ። የታጠበውን ዐለት፣ የአምስት ርምጃውን ባዶ አየ።

«ሣሩስ?» አለች እናቴ እያለቀሰች። «ሣሩ የት ሄደ? ትናንት ነበረ እኮ!»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እጆቼን አየ።

ሰዎች በጩኸቱ ሲሰበሰቡ፣ አያ አለነ ቃሬዛ ለማሰር ጠፍር ሲቆርጥ፣ አባቴ መጥቶ ክንዴን ያዘኝና ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ከእንስራው በቅል ቀዳ። እጆቼን አጠበኝ። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ጥፍሮቼን ከፍቶ ከሥራቸው አፈሩን አወጣ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። እኅቴ ተጎድታ ሳለች እኔን ማጠቡ ገረመኝ፤ ሰው እየመጣ ስለሆነ ንጹሕ እንድሆን ፈልጎ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ደጅ ተመለሰና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ለእናቴ፣

«አህያዋ ናት» አላት። «ማታ ተፈትታ አድራለች።»

የትናየትን በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ ይዘዋት ወጡ። አያ አለነ ከፊት ነበር፤ ቀልድ አልነበረውም። እኔ እየተከተልሁ አለቀስሁ። ይኸው ሊወስዷት ነው፣ ሣሩን ብነቅልም ሊወስዷት ነው እያልሁ። ያሳፈራት የጭነት መኪና ወደ ላይ፣ ወደ ደባርቅ ዞረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከጎንደር ተመለሰች፤ አስከሬኗ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አባቴ አህያዋን ደባርቅ ገበያ አውጥቶ ሸጣት። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያችን አህያ ስትረግም ኖረች። በመስከረም ደግሞ እኔን አክስቴ ዘንድ ዳባት ላኩኝ፤ እዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስለጠሉኝ መሰለኝ። ማንም ያወቀብኝ አልመሰለኝም፤ ግን የጠሉኝ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው አባቴ የፈራው አፌን ነው። አንድ ቀን እናቴ ጉልበት ላይ ተኝቼ እንዳልናገረው።

ዳባት፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ሕንድ አገር። ለግብርና ትምህርት ነበር የተላክሁት። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሰፊ መስክ አለ፤ የመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ሰርዶ ነበር። ውኃ ያጠጡታል፣ በመኪና ያጭዱታል፣ «አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ አቁመውለታል። አስተማሪው ለሞቃት አገር ከዚህ የሚሻል የመስክ ሣር እንደሌለ፣ በቁራጭ እንደሚተከል፣ ሲረገጥ እንደሚጠነክር ያስረዳን ነበር። በማስታወሻዬ ላይ አንድ ቃል አልጻፍሁም። ሁሉንም አውቀው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አብራኝ የምትኖረው ልጅ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ወደቀች። ያው ድምፅ፣ ያው ወደ ላይ ማየት፣ ያው እጅ አለመዘርጋት። ከአጠገባችን ካለው ክፍል ሁለት ልጆች ሮጠው ገቡ። አንዷ ወንበሩን ገፋች፤ ሁለተኛዋ ፍራሽ ስባ ከሥሯ አነጠፈች። ሲያልፍላት ልጅቷ ተነስታ ውኃ ጠጣች፣ ምላሷን እንደነከሰች ነገረችን፣ ተኛች። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ፍራሹን አየሁት።

መውደቂያ። አባቴ ቃሉን በምሳሌ አልተናገረም ነበር። ልጁ የምትወድቅበትን መሬት ነበር የሚያሳምረው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስሁ፤ በአራት ዓመት ሦስት ሥራ ቀየርሁ፤ የምጽፈውን ሪፖርት ራሴ አላምነውም። እናቴ በተመለስሁ በሁለተኛው ዓመት አረፈች። ባለፈው ነሐሴ ወደ አባቴ ወረድሁ። አርጅቷል። ደጃፉ ከበሩ እስከ አጥሩ ሰርዶ ነው፤ የነቀልሁትም ቦታ ከሌላው አይለይም። እስካሁን በማጭድ ይከረክመዋል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ወደ ሊማሊሞ እያየን ቆየን።

«አባዬ» አልሁት፣ «ያችን አህያ ለምን ነበር የሸጥኻት?»

«አርጅታ ነበር» አለ።

አላረጀችም ነበር። በዚያው ዓመት ውርንጭላ ወልዳ ነበር። አህያ ደግሞ ሣር ትግጣለች እንጂ ከነሥሩ ነቅላ፣ አፈሩን አራግፋ፣ በሩን አስተካክላ አትበላም። ይኸን የማያውቅ ገበሬ የለም። አያ አለነ ያውቃል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቃል የተነፈሰ ግን አልነበረም።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። አባቴ ተነሳ። «ጠል ይጥልብሻል፣ ግቢ» ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።

አባቴ ማንበብ ይችላል፤ በመሠረተ ትምህርት የተማረው ነው፤ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። የገዛሁለት ስልክ አማርኛ ያሳያል። ስጽፍለት ይመልስልኛል፤ ሁልጊዜ አጭር ነው፦ «ደኅና ነን»፣ «ዘራን»፣ «አይዞሽ»። ጎንደር ስመለስ፣ አውቶቡስ ተራ ቆሜ፣ ይኸን ላክሁለት፦

«አባዬ፣ አህያዋ አልነበረችም። እኔ ነኝ። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። ያን ቀን ጥፍሬን ስታጥብልኝ ታውቅ ነበር?»

ስልኬ መልእክቱ መድረሱን ነገረኝ።

እሑድ እንደ ልማዱ ደወለ። ዝናቡ ዘንድሮ ለጤፉ እንደተስማማው፣ አያ አለነ ወገቡን አሞት እንደተኛ፣ አንዱ በሬ እንዳነከሰ ነገረኝ። ምሳ መብላቴን ጠየቀኝ። ከበስተጀርባው የመኪና ፍሬን ይሰማል። ጠበቅሁ።

«በይ ደኅና ሁኚ» አለኝና ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እየመጣ ይሄዳል፤ አባቴም ይደውላል። ለዚያች መልእክት ግን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።